የመኪናዋ ሕመምና የኛ ብይን

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ስለ ሞተር ምን አገባችሁ የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ አያገባንም ነበር። ሦስታችንም ከዚያ ጉዞ በፊት የመኪና ኮፈን ሲከፈት ካየን ያየነው ከሩቅ ቆመን፣ እጃችንን ኪሳችን ከተን ነው። ዛሬ ካንዴላን ከፊልትሮ ለይተን ማወቃችን የሚያስመካ ሆኖብን አይደለም ይህን የምንጽፈው። የምንጽፈው ሰው ስለበደልን ነው። የበደልነውም በቁጣ ወይም በስካር አይደለም፤ ተሰብስበን፣ ተወያይተን፣ ማስረጃ ዘርዝረን፣ በሙሉ ድምፅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመካከላችን አንዱ የዋግ ልጅ ነው፤ የደሃና። አያቱ በሕይወት አሉ። እኒህ ሴት ከኽምጣንጋ ሌላ ብዙም አይናገሩም፤ አማርኛው ይገባቸዋል፣ ሲቈጡ ግን ፈጽሞ አይገባቸውም ይላል ልጁ። በ1977ቱ ረኃብ ከቀያቸው ተነሥተው በእግራቸው ኮረም ከደረሱት አንዷ ናቸው። ኮረምን የውጭው ዓለም ያወቃት በዚያው ዓመት በጥቅምት የቢቢሲው ማይክል በርክና የካሜራው ሰው መሐመድ አሚን ባሳዩት ፊልም ነው። እሳቸው ፊልሙን አይተውት አያውቁም። የሚያውቁት በመንገድ የቀሩትን ነው። ለቀሩትም በኽምጣንጋ የሚያለቅሱት ለቅሶ አለ፤ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ጓደኛችን በልጅነቱ ከጓዳ ሆኖ ሰምቶታል፤ ግማሹ አይገባውም። ኽምጣንጋ የአገው ቋንቋ ነው፤ አውንጂ፣ ብሊንና ቅማንትኛ ወንድሞቹ ናቸው። እኛ ስለ አማርኛ ቃል ግጥም ኮርስ በኮርስ ላይ ስንደራርብ ይህን የሚያህል ነገር ከጎናችን ተቀምጦ አንድ መስመር እንኳ ሳንቀዳ መቅረታችን አሳፈረንና፣ ለጥር ዕረፍት ገንዘብ አዋጥተን፣ መንገዱም ሰላም ነው በተባለበት ሳምንት ተነሣን። አያትየው በጎረቤት ስልክ የላኩት ቃል ግልጽ ነበር፦ ሐሙስ ኑ፤ የሚቀበሉትን ሴቶች ሐሙስ እሰበስባቸዋለሁ።

መኪናዋ ራቭ ፎር ናት። የቤንዚን ናት፤ እንደ ፈረንጆቹ አቈጣጠር በ1990ዎቹ የተሠራች። ባለቤቷም ሾፌሯም አንድ ሰው፣ ከስድሳ ዓመት የማያንሱ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምንላቸው፤ እዚህም በዚያው እንቀጥል። አዲስ አበባ ብዙ ዓመት ነድተዋታል፤ ላሊበላ የመጡት ኋላ ነው። ውላችን የኪራዩን ለብቻ፣ ቤንዚኑን ደግሞ በደረሰኝ እኛ ልንችል ነበር። ይህች «በደረሰኝ» የምትል ቃል ኋላ ብዙ ጉድ ታመጣለች።

ማክሰኞ ማለዳ ከላሊበላ ወጣን። ብልባላን ዐለፍ እንዳልን፣ አንዱን ረጅም ዳገት ስንያያዘው መኪናዋ አንድ ጊዜ ንጥስ አለች። በእውነት ማስነጠስ ነው የሚመስለው፤ ሁላችንም ወደ ፊት ጐንበስ ብለን ተመለስን። ጋሼ ምንም አላሉም። ትንሽ ቈይታ ደገመች። ከዚያ ሠለሰች። ሰቆጣ ከተማ ስንገባ ጀንበር አዘቅዝቃለች፤ እኛም አንገታችን ዝሏል።

ማታ እራት ላይ ምክንያት ፍለጋ ተጀመረ። ከኛ አንዱ ሁለተኛ ደረጃ ሳለ በፊዚክስ ጎበዝ ነበርና ትንታኔ አቀረበ። ሰቆጣ ከባሕር ወለል ከ2200 ሜትር በላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ይጎድለዋል፤ ሞተር ደግሞ የሚኖረው በአየር ነው፤ ስለዚህ ጉልበቷ በሩብ ቀንሷል። አፋችንን ከፍተን አደነቅነው። ጋሼ እንጀራቸውን እየጠቀለሉ «አዲስ አበባም እኮ ከፍታ ነው» አሉ። ዝም ተባለ። አዲስ አበባ ከሰቆጣ ዝቅ አትልም፤ እንዲያውም ትበልጣለች፤ መኪናዋም እዚያ ስትኖር አላስነጠሰችም። በዚህ መረታት ሲገባን ርእስ ለወጥን።

ጋሼ ግን አንድ ነገር ጨመሩ። «ይቺ ልጅ የምትታመመው ግማሽ ላይ ስትሆን ነው። ጠቅ ሳደርጋት ደህና ናት፤ ለቀቅ ሳደርጋትም ደህና ናት። መካከሉ ላይ ነው ነገሯ።» ይህን ሲሉ የቀኝ እግራቸውን ከወንበሩ ሥር ከፍ ዝቅ እያደረጉ አሳዩን። ሣቅን። ተንኮል አልነበረውም፤ እግራቸው መኪና የሌለበት ቦታ ሲነዳ አስቆን ነው። ሆኖም አንዳችንም ማስታወሻ አልያዝንም። የሰውን ቃል ቃል በቃል ለመመዝገብ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ተጕዘን የመጣን ሰዎች፣ የጠረጴዛችንን ሰው ቃል አልመዘገብንም።

ረቡዕ ወደ ደሃና ለመውጣት ሞከርን። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው መንገድ ያየው ያውቀዋል፤ ጠጠሩ ይንሸራተታል፣ አንዱ ኩርባ ሳያልቅ ሌላው ይጀምራል። በሁለተኛ ማርሽ፣ እግር አንድ ቦታ ተተክሎ የሚወጣ ዳገት ነው። እዚያ ላይ ማስነጠሱ ሳል ሆነ፣ ሳሉ ማንቀጥቀጥ ሆነ፣ ሞተሩም ጠፋ። ወርደን ታኮ አደረግን። ተነሣች። እንደገና ጠፋች። ሰባት ጊዜ ታኮ አድርገናል፤ ቈጥረነዋል። ፍየል የሚጠብቅ አንድ ሕፃን ከድንጋይ ላይ ተቀምጦ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አየን። በስምንተኛው ጋሼ «አትሞትብን፤ እንመለስ» ብለው አዙረው በቁልቁለቱ ሰቆጣ አስገቡን። በቁልቁለት መቼም ደህና ናት።

መጀመሪያ ያገኘነው መካኒክ ዕድሜው የጠና፣ በራሱ የሚተማመን ሰው ነው። ቤንዚን ፊልትሮ ቀየረ፣ ካንዴላዎቹን አውጥቶ በብሩሽ ፈተጋቸው፣ አየር ማጣሪያውን አራገፈ። ከተማው ውስጥ ሞከርናት፤ ያው ናት። በመጨረሻ የቤንዚን ጋኑን ክዳን ከፍቶ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ፦ «ይኸ ቤንዚን አይደለም። ነጭ ጋዝ አግኝቷል።» ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ።

ይኸው ነው መነሻው። ማታውን በአንዲት ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ሦስታችን ተሰበሰብን። ጋሼ መኪናዋ ውስጥ ነው የሚተኙት። ማስረጃው ተዘረዘረ። አንደኛ፦ በደረሰኝ ያስቀዳነው ቤንዚን ካሰብነው ቀድሞ ጎድሏል። ሁለተኛ፦ ከኋላ ወንበር ሥር ቢጫ ጀሪካን አለ። ሦስተኛ፦ መንገድ ላይ ምሳ ስንበላ ጋሼ መኪናዋን ይዘው «ጎማ ላስነፋ» ብለው ለግማሽ ሰዓት ጠፍተዋል። አራተኛ፦ መካኒኩ ነጭ ጋዝ ብሏል። ከዚህ የሚወጣው ድምዳሜ ለሕፃንም ግልጽ ነበር፤ ንጹሑን ቤንዚን በሃይላንድ እየሞሉ ሸጠውታል፤ ጉድለቱን በነጭ ጋዝ ሞልተውታል። ድርሰት የሚያውቅ ሰው ሲፈርድ እንዴት እንደሚያምርበት! መነሻ አለው፣ ውጥረት አለው፣ ልቀት አለው። ገጸ ባሕርዩን ብቻ አላወቅነውም።

ከኛ አንዱ፣ ያውም የደሃናው ልጅ፣ «እስቲ መጀመሪያ እንጠይቃቸው» ብሎ ነበር። «ሌባ ሲጠየቅ አዎ ይላል?» ተብሎ ታለፈ። እሱም እጁን አወጣ።

ጋሼን ጠርተን ነገርናቸው። የተናገረውን ሰው ማንነት አንጽፍም፤ ሦስታችንም ነን። በጨዋ ቋንቋ ነው የነገርናቸው፣ ያ ነው የሚብሰው። «አልሰረቁም ማለታችን አይደለም፤ ግን የቤንዚኑን ጉድለት ከኪራዩ ሁለት ሺህ ብር እንቀንሳለን» አልናቸው። ጋሼ በሩ ላይ ቆመው፣ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው ቈዩ። «የልጆቻችሁ አባት ያድርጋችሁ» አሉና ሄዱ። ሌሊቱን ጠዋት መኪናዋን ይዘው ይጠፋሉ ብለን ተራ ገብተን በመስኮት ስናያት አደርን። አልጠፉም። ማለዳ ስንነሣ መስተዋቱን እየወለወሉ ነበር።

ሐሙስ ሆነ ማለት ነው። ሴቶቹ የሚሰበሰቡበት ቀን።

ሌላ መካኒክ ጠቆሙን። ጋራዥ የሚባል ነገር የለውም፤ አጥር ጥግ በቆርቆሮ የተከለለ ጥላ፣ አንድ የእንጨት ሣጥን፣ መሬት ላይ የተነጠፈ ከረጢት። ልጁ በዕድሜ እኩያችን ነው፤ ከቴክኒክና ሙያ የወጣ። ኮፈኑን አልከፈተም። መጀመሪያ ያደረገው ጋሼን «አባቴ፣ እስቲ ምን ታደርጋለች?» ብሎ መጠየቅ ነው። ጋሼ ያንኑ ደገሙለት፣ እግራቸውንም ከፍ ዝቅ አደረጉለት። ልጁ አልሣቀም። «ሙሉ ሲረግጧት ደህና ናት?» «ደህና ናት፤ ትስባለች።» «ግማሽ ላይ ብቻ?» «ግማሽም አይደል፤ ከግማሽ ትንሽ ወረድ ብሎ።» «ሁሌ እዚያው ቦታ?» «እዚያው።»

ልጁ ወደኛ ዞሮ «ታዲያ ቤንዚን ነው ያላችሁ ማነው?» አለ። ዝም አልን።

ያስረዳን ነገር ሲሰሙት ቀላል ነው። ቤንዚኑ ክፉ ቢሆን፣ ወይም ፊልትሮው ቢደፈን፣ ወይም ፖምፓው ቢደክም መኪናዋ አብዝታ የምትቸገረው ብዙ በምትጠጣበት ጊዜ፣ ሙሉ ስትረገጥ ነው። ሙሉ ስትረገጥ ደህና ሆና ትንሽ ስትረገጥ የምትቸገር መኪና ጥማት የላትም። ከፍታውም ቢሆን ከየትኛውም ቦታ ይቀንሳል እንጂ አንድ ቦታ መርጦ አያነቃትም። በሽታዋ ቦታ አለው፤ ቦታ ያለው በሽታ ደግሞ ቦታን የሚለካ ዕቃ ላይ ነው የሚፈለገው። ይህን ሁሉ ያገኘው ኮፈን ሳይከፍት ከጋሼ አፍ ነው።

ቢሆንም ቤንዚኑን አልናቀውም። በላስቲክ ቱቦ ስቦ አንድ ሃይላንድ ሞላና ጥላ ሥር አቆመው፦ «ውሃ ካለበት ታች ይተኛል።» ቀጥሎ ወረቀት ጠየቀ። ከማስታወሻችን አንድ ገጽ ቀደን ሰጠነው። ከቤንዚኑ ጠብታ አንጠባጠበበትና ፀሐይ ላይ በድንጋይ ጫነው። ነጭ ጋዝ ካለበት ቅባቱ ወረቀቱ ላይ ይቀራል፤ ንጹሕ ቤንዚን ከሆነ ተንኖ ወረቀቱን እንደነበረ ይተወዋል አለ። ጋሼ ወረቀቱን አላዩትም። እኛ ነን ሦስት ራስ ሆነን ላዩ ላይ የተደፋነው። ደረቀ። ነጭ ነው። አገላብጠን ወደ ብርሃን አነሣነው፤ ሥዕል የለም፣ ቅባት የለም፣ ከጀርባው ካለው የኛው ጽሕፈት በቀር ምንም የለም። ሃይላንዱም ከላይ እስከ ታች አንድ መልክ ነው። በዚያች ደቂቃ ይቅርታ መጠየቅ ነበረብን። አልጠየቅንም። አንዳችን «እስቲ ነገሩ በደንብ ይጣራ» አለ፤ ለመቅጣት ማጣራት ያላስፈለገን ሰዎች።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቈያለን፣ ስለ ወደድነው።

ነዳጅ መስጫ ሲረገጥ በቀጥታ ቤንዚን የሚጨምር ይመስለን ነበር። አይደለም። በእንዲህ ያለች መኪና እግር የሚከፍተው አየርን ነው። ገመዱ ሄዶ በአየር ማስገቢያው ጕሮሮ ውስጥ ያለች ክብ ክዳን ያዞራል፤ ቢራቢሮ ትመስላለች። ቤንዚኑን መጥኖ የሚረጨው ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ግን ዐይን የለውም፤ እግራችን የት እንዳለ የሚነግረው ያስፈልጋል። ነጋሪው በክዳኗ ዘንግ ጫፍ ላይ በሁለት ብሎን የታሰረ፣ ክብሪት ሣጥን የሚያህል ጥቁር ፕላስቲክ ነው። ሦስት ሽቦ ይገባዋል። በአንዱ አምስት ቮልት ይላክለታል፣ አንዱ መሬት ነው፣ ሦስተኛው መልሱን ይዞ ወደ ኮምፒዩተሩ ይመለሳል። ውስጡ እንደ ግማሽ ጨረቃ የታጠፈ የካርቦን መንገድ አለ፤ በመንገዱ ላይ ቀጭን የብረት ጣት ይሄዳል። እግር ሲነሣ መልሱ ግማሽ ቮልት ገደማ ነው፤ ሙሉ ሲረገጥ ወደ አራት ይጠጋል። በመካከሉ እንደ ዳገት ለስላሳ ሆኖ መውጣት አለበት። በቃ፣ ይኸው ነው። የዚህ ዓይነቱ አሠራር አዲስም አይደለም፤ የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1967 ዲ-ጀትሮኒክ ያለውን የኤሌክትሪክ ቤንዚን መርጫ በቮልስዋገን 1600 ላይ ሲያወጣ በክዳኗ ዘንግ ላይ ማብሪያ መሰል ነጋሪ አድርጎበት ነበር።

ልጁ መጀመሪያ ኮምፒዩተሩን ራሱን ጠየቀው። በአሮጌዎቹ ቶዮታዎች ኮፈን ሥር አንዲት ባለ ክዳን ሣጥን አለች፤ ሁለት ቀዳዳዎቿን በአጭር ሽቦ አገናኝቶ ቁልፉን ሲያበራ የሞተር ምልክቷ መብራት ብልጭ ድርግም እያለች ትናገራለች። ችግር ካለ በቁጥር ትናገራለች፤ አራት ጊዜ ብልጭ፣ ዕረፍት፣ አንድ ጊዜ ብልጭ ካለች አርባ አንድ ነው፤ አርባ አንድ ይኸው ነጋሪ ዕቃ ነው። ቀለም መቍጠር እኛ የምናውቀው ሥራ ነውና ዳሽቦርዱ ላይ ተደፍተን ቈጠርን። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ… አታርፍም። ሐረግ የላት፣ ቤት የላት፤ እኩል እኩል ትሄዳለች። «ምንም የለም ማለት ነው» አለ ልጁ። «ኮምፒዩተሩ ጤነኛ ነኝ ይላል።»

ይህን ስንሰማ፣ አንባቢ ሆይ እንናዘዝ፣ ውስጣችን ደስ አለው። ዕቃው ደህና ከሆነ ጥፋቱ ወደ ሰው ይመለሳላ!

ልጁ ግን «ኮምፒዩተር የሚከስሰው ጥፋቱ ከቈየ ነው፤ ብልጭ ብሎ ካለፈ አይከስስም» አለና ቴስተር አወጣ። ቁጥር የሚያሳይ ዘመናዊ ቴስተር ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ቁልፉ ብቻ በርቶ ሽቦዎቹን ተራ በተራ ነካ። አምስቱ ቮልት ደህና፤ መሬቱ ደህና። መልሱ ላይ አድርጎ ጋሼን «ቀስ ብለው ይርገጡ» አላቸው። ቁጥሩ ዜሮ ነጥብ ስድስት፣ አንድ ነጥብ ምናምን፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ወጣ። ደህና ነው። ደገሙት፤ ደህና ነው። ልጁ ራሱን አከከ። ከሣጥኑ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ፤ መርፌ ያለው አሮጌ ቴስተር፣ መስተዋቱ የተሰነጠቀ። «ቁጥሩ እስኪያስብ ድረስ ነገሩ ያመልጠዋል፤ መርፌው ግን አያስብም» አለ። ጋሼን አሁንም እንዲረግጡ ጠየቃቸው፤ «የለም፣ የለም፣ እንዲያ አይደለም። ዳገቱ ላይ እንደሚረግጧት።»

ጋሼ ዐይናቸውን ጨፈኑ። እግራቸውን ወደ ደሃና መንገድ ወሰዱት።

መርፌው ከግራ ተነሥቶ ቀስ እያለ ወደ ቀኝ ሄደ፤ ሩቡን ዐለፍ ሲል ዱብ ብሎ ዜሮ ላይ ወደቀና ወዲያው ተመለሰ። ከዐይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። «ይመለሱ።» ሲመለሱም እዚያው ቦታ ዱብ። «ይድገሙ።» ዱብ። ልጁ በካቻቢቴው እጀታ ፕላስቲኩን ኳ ኳ ሲያደርግ መርፌው እንደ ፈራ ሰው ተርገፈገፈ። በየዳገቱ የጋሼ እግር አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ሲኖር፣ ያ የብረት ጣትም አንድ ቦታ ላይ ሲፈጭ፣ ካርቦኑ እዚያ ላይ አልቋል። ጣቱ ባዶው ላይ ሲደርስ መልሱ ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩም «ሾፌሩ እግሩን አነሣ» ብሎ ያምናል። ሞተር በኃይል እየዞረ እግር ከተነሣ ደግሞ ቁልቁለት ነው ማለት ነውና ቤንዚኑን ይቈርጣል፤ በቁልቁለት ነዳጅ ለመቈጠብ እንዲያ ተደርጎ ነው የተሠራው። ዳገት መካከል ላይ ቁልቁለት ነው ብሎ ያመነ ሞተር ምን ያደርጋል? ያስነጥሳል።

የቤንዚኑ መጉደልስ? ልጁን ጠየቅነው፤ አሁን እየፈራን ነው የምንጠይቀው። «በሁለተኛ ማርሽ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ፣ ስትጠፋ ስትነሣ፣ በያንዳንዱ ስትቆም እንደገና ስትረገጥ፣ ምን ትጠጣ መሰላችሁ?» ጀሪካኑን ጋሼ ራሳቸው ጎትተው ክዳኑን ከፈቱልን። ውሃ ነው። ለራዲያተር።

ዕቃው ሰቆጣ አልተገኘም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ቀናት ይፈልጋል። ልጁ ያደረገው አስገረመን፤ ሦስቱን ሽቦ የያዘውን ሶኬት መንቀል ብቻ ነው። የሞተር ምልክቷ መብራት ቦግ አለች፤ አሁን ብንቈጥራት ጥርት አድርጋ አርባ አንድ ትላለች። ኮምፒዩተሩ ነጋሪው ፈጽሞ እንደሌለ ሲያውቅ ከራሱ በግምት አንድ ልክ ይዞ ይሄዳል። «ትንሽ ትሰንፋለች፤ ፈጥና አትነሣም። ግን አታስነጥስም። የሚዋሽ ከሚነግራት የሚነግራት ባይኖር ይሻላታል።» ሒሳቡን ስንጠይቀው ከመጀመሪያው መካኒክ ግማሹን ጠራ። በተፈተነችው ገጽ ጀርባ ላይ የዕቃውን ስም ጽፎ ለጋሼ ሰጣቸው። ያች ገጽ አልተመለሰችልንም፤ ያለፈውን ማታ ማስረጃ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብለን የዘረዘርንባት ገጽ መሆኗን ያስተዋልነው ጋሼ አጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ ነው። እንዳነበቧት ዛሬም አናውቅም።

ዓርብ ማለዳ ተነሣን። ያንን ዳገት መኪናዋ እንደ በሬ ወጣችው፤ ቀስ ብላ፣ ሳትናወጥ። የፍየሉ ሕፃን እዚያው ድንጋይ ላይ ነበር፤ ሳንቆም ስናልፍ ቅር ያለው መሰለን። መኪና ውስጥ ማንም አልተናገረም።

የጓደኛችን አያት ደጃፋቸው ላይ ጠበቁን። ከቡናው በፊት ማር አቀረቡ፤ የዋግ ነጭ ማር ነው፣ ስለ እሱ ብዙ መጻፍ ይቻል ነበር። ሴቶቹ ሐሙስ መጥተው ነበር። አምስት ናቸው፤ አንዷ የአንድ ቀን መንገድ ተጕዛ ነው የመጣችው። እስከ ምሽት ጠብቀው ሄዱ። አያትየው «ትናንት» የምትለዋን ቃል በአማርኛ ነው ያሉን፣ እንዲገባን ብለው። ከዚያ ተቀምጠው ብቻቸውን ጀመሩ። አንድ መስመር ያወርዱና ዝም ይላሉ፤ ዝም ያሉበትን ያህል ቈይተው ቀጣዩን ያወርዳሉ። ቀጣዩን አሁንም ዝም። መጀመሪያ የረሱ መስሎን ጓደኛችን ሊያስታውሳቸው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። አልረሱም። የተቀባዮቹን ቦታ ትተውላቸው ነው። ካሴቱ፣ ማለት የስልኩ ቅጂ፣ አርባ ሰባት ደቂቃ ነው። ግማሹ ዝምታ ነው። በዝምታው ውስጥ አንዳንዴ ዶሮ ይሰማል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ውጭ ጋሼ ኮፈን ሲዘጉ ይሰማል። ሌላ ጊዜ ኑ ብለውናል፤ ዕድሜያቸውን የሚያውቅ ሰው የለም።

ማታ ጋሼ መኪናዋ አጠገብ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠው አገኘናቸው። ሦስታችን ፊታቸው ቆምን። ማን ይጀምር የሚለውን ስንተያይ ጓደኛችን ዝቅ ብሎ ጉልበታቸውን ነካ፤ በልጅነቱ አገር እንደሚደረገው። «ጋሼ፣ በድለንዎታል» አልን። ሁለት ሺሁን ብር ከነ ቀሪው ኪራይ ዘረጋንላቸው። ተቀበሉ። አላስመለጡንም፣ «ተዉት ልጆቼ» አላሉም። በባትሪው ብርሃን አንድ በአንድ ቈጠሩት፤ አንዷ ሁለት መቶ ብር የተቀደደች ነበረችና ለይተው መለሱልን፤ ቀየርንላቸው። ሁሉንም አስተካክለው ደረት ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቀና ብለው ሦስታችንንም ተራ በተራ አዩን።

«ደረሰኝ ልጻፍላችሁ?» አሉ።